ነክሶ የተያዘ ውሻ የሚቆይበት ቤት ስለማስፈለጉ



ነሐሴ 12 ቀን ማታ፣ በደብረ ታቦር በዓል ዋዜማ፣ ልጆች ጅራፋቸውን እያጮኹ ከደጅ ወደ ደጅ ሲዞሩ በእብናት ከተማ ሰንሰለቱን ለመበጠስ ወይም አጥሩን ለመዝለል የማይታገል ውሻ ጥቂት ነው። የጅራፍ ጩኸት ለልጁ የበዓል ደስታ ነው፤ ሌሊቱን ከጅብ ጋራ ሲፋጠጥ ለሚያድር የግቢ ውሻ ግን የጠብ ምልክት ነው። ስለዚህ በቡሄ ማግስት ባቱን የተነከሰ ልጅ እናቱን ተከትሎ ወደ ጤና ጣቢያ ቢመጣ ብዙ የሚያስደንቅ አይደለም። እኛን የሚያሳስበን ከዚህ ቀጥሎ የሚሆነው ነገር ነው።

ልጁን የነከሰው ውሻ የት እንዳለ በጠየቅን ጊዜ በአብዛኛው የምናገኘው መልስ «ገደልነው» የሚል ነው። ይህም የሚነገረን እንደ ምሥራች ነው። ጎረቤት ሁሉ ዱላ ይዞ ወጥቶ፣ ውሻውን አናቱን ብሎ ጥሎ፣ ሬሳውንም ወደ ገደል ወርውሮ፣ ሌሊት ጅብ በልቶት አድሯል። በቋንቋችን በከንቱ ፈስሶ ለቀረ ደም «ደመ ከልብ» የሚል ስም አለን፤ የውሻ ደም ጠያቂ የለውም ማለት ነው። ዳሩ ግን በዚህ ጉዳይ ጠያቂ አለው፤ ጠያቂውም የተነከሰው ልጅ ነው። ልጁ ለሞት በሚያደርስ በሽታ ተለክፎ እንደ ሆነና እንዳልሆነ ሊያስረዳን ይችል የነበረው ምስክር ከውሻው ጋራ አብሮ ሞቷልና።

የእብድ ውሻ በሽታ ከበሽተኛው እንስሳ ምራቅ ጋራ በንክሻ፣ በጭረት ወይም ቍስልን በመላስ ወደ ሰውነት በሚገባ ቫይረስ የሚመጣ ነው። ቫይረሱ የሚጓዘው በደም ሥር ሳይሆን በነርቭ ሥር ሲሆን፣ ወደ አንጎል እስኪደርስ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ይፈጅበታል፤ አንዳንድ ጊዜ ከዚህ ፈጥኖ፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ዓመት ዘግይቶ ይደርሳል። አንጎል ደርሶ የሕመሙ ምልክት ከታየ በኋላ ግን ሰውን የሚያድን መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ ወደ ሰው ከሚተላለፈውም ከመቶ 99 ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ከተጎጂዎቹም መካከል ከመቶ 40 ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ይህን ጽሑፍ በመጀመሪያ ወደ መምህራን የምናቀርብበት ምክንያት ከዚህ የተነሣ ነው።

በሽታው ለአገራችን አዲስ አይደለም። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እንደመዘገቡት፣ አዲስ አበባ ገና አዲስ ከተማ ሳለች፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1903 በነሐሴ ወር፣ በከተማዪቱ ውሾች ላይ ብርቱ የእብደት ወረርሽኝ ተነሥቶ ነበር። ሉዊ ፓስተር ጆሴፍ ማይስተር የተባለውን የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት ያዳነው በ1885 በሐምሌ ወር ስለ ነበረ፣ መድኃኒቱ በዓለም ላይ ከተገኘ 18 ዓመት ሆኖት ነበር ማለት ነው። ክትባቱ ከንክሻ በኋላ እንኳ የሚያድነው ቫይረሱ በነርቭ ሥር ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ ነው፤ ክትባቱ ፈጥኖ ከተጀመረ ይቀድመዋል። በሕዝብ ዘንድ እስከ ዛሬ «ፓስተር» እየተባለ የሚጠራው የአዲስ አበባው የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የተጠረጠረውን ውሻ አንጎል መርምሮ ቍርጡን የሚናገር ነው። ነገር ግን በዱላ የተደቈሰ ወይም በጅብ የተበላ ጭንቅላት ሊመረምር አይችልም።

እንግዲህ ነክሶ የተያዘ ውሻ ወይም ድመት ጤነኛ መስሎ ከታየ የሚገባው ዐሥር ቀን ማቆየት ነው። ዐሥር ቀን የተባለው በዘፈቀደ አይደለም። ቫይረሱ በውሻው ምራቅ ውስጥ የሚገኘው ሕመሙ ከመታየቱ ከጥቂት ቀናት በፊት ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ በነከሰበት ዕለት ምራቁ ተመርዞ ከነበረ ዐሥር ቀን ሳይሞላው መታመሙ ወይም መሞቱ አይቀርም። ዐሥሩን ቀን በጤና ከቈየ በነከሰበት ዕለት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት አጥብቀን እናሳስባለን። የውሻው መቈየት የልጁን ሕክምና የሚያዘገይ አይደለም። የተነከሰ ሰው ወዲያውኑ ቍስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ መሄድና ክትባቱን መጀመር አለበት። ውሻው በዐሥረኛው ቀን ደኅና ሆኖ ከተገኘ ሐኪሙ የቀረውን መርፌ ሊያስቀር ይችላል። ጸበሉን የሚከለክል የለም፤ ከሳሙናውና ከክትባቱ በኋላ ይደርሳል።

አሁን ጥፋታችንን ሳንሸሽግ አንድ ነገር እንናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሌላ የደጋ ከተማ ስንሠራ፣ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በጎረቤት ውሻ ተነከሰች። ከውጭ አገር ትምህርት ከተመለስን ገና ዓመት አልሞላንም ነበርና ደንቡን በቃላችን እናውቀዋለን፤ «ውሻው አይገደል፤ ዐሥር ቀን ይታሰር» ብለን አዘዝን። ትእዛዙ ትክክል ነበር። የት ይታሰር፣ ማን ያብላው፣ ማን ያጠጣው የሚለውን ግን አላሰብንበትም። ሰዎቹም ከአንድ ወፍጮ ቤት ጀርባ በቆመ ባሕር ዛፍ ላይ ክንድ በማይሞላ ሰንሰለት አሰሩት። ቀን ፀሐይ፣ ሌሊት ውርጭ ተፈራረቀበት። የወፍጮው ሞተር ከጧት እስከ ማታ አጠገቡ ያገሳል። ልጆች ከትምህርት ሲለቀቁ እየመጡ በድንጋይ ይወግሩታል። ባለቤቱ «የመንግሥት ሆኗል» ብሎ ተወው፤ እኛ ደግሞ ባለቤቱ ያበላዋል ብለን ተውነው። በሁለተኛው ቀን ድምፁ ሰለለ። በሦስተኛው ቀን የዛፉን ልጥ መንከስ፣ አፉን አረፋ ማስደፈቅ፣ የወረወሩለትን እንጀራ አለመንካት ጀመረ። ሰው ሁሉ «ይኸው አብዷል» አለ። በዚያው ሌሊት ማን እንደ ሆነ ያልታወቀ ሰው ጭንቅላቱን በድንጋይ ፈጥፍጦ ገደለው።

ልጅቱ ክትባቱን አስቀድማ ጀምራ ነበርና መርፌዋን ሁሉ ጨርሳ ዳነች፤ አባትዋ ግን ለመመላለሻው ሁለት በግ ሸጠ። በዚያው ወር ከገጠር የተነከሰ ሌላ ሰው መጣብንና የነበረው ክትባት አልቆ ስለ ነበረ ወደ ሌላ ከተማ ሰደድነው። ደግነቱ በጊዜ ደረሰ። ውሻው ታሞ እንደ ነበረ ወይስ ፈርቶና ተርቦ እንደ ነበረ ግን እስከ ዛሬ አናውቅም።

ይህን ያህል የተረክንበት ምክንያት አለን። የፈራ ውሻና ያበደ ውሻ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ብዙ የጮኸ ውሻ ድምፁ ይሰልላል፤ በበሽታው የተያዘም ውሻ ድምፁ ይለወጣል። የተጨነቀ ውሻ አያላምጥም፤ ጉሮሮው በበሽታ የታሰረም ውሻ መዋጥ አይችልም። ሰንሰለት መንከስ፣ አፈጥጦ ማየት፣ ማለክለክና ለሃጭ ማዝረብረብ በሁለቱም ላይ ይታያል። የሚመለከተው ሰው ልዩነቱን ሊያውቅ የሚችለው ውሻው የሚያስፈራው ነገር ሲነሣለት ብቻ ነው። በጸጥታ ቦታ፣ ምግብና ውኃ አግኝቶ፣ ከሚያውቀው ሰው ጋራ ሆኖ ሁለት ቀን ያደረ ጤነኛ ውሻ ይበላል፣ ይተኛል፣ ጅራቱን ይወዘውዛል። በዚያ ቦታ ላይ ሳለ መንጋጋው የወደቀ፣ የኋላ እግሩ የሰነፈ ወይም መዋጥ ያቃተው እንደ ሆነ ያን ጊዜ ነገሩ ከፍርሃት የመጣ አይደለም። ውሻን አረጋግቶ ማቈየት በመጀመሪያ ለውሻው ርኅራኄ ይመስላል፤ በእርግጥም ርኅራኄ ነው፤ ግን ለሐኪሙ ደግሞ እንደ ቴርሞሜትር ያለ መሣሪያ ነው።

በዚህ ረገድ ከሕዝባችን መካከል ሊታረም የሚገባው አንድ አስተሳሰብ አለ። ያበደ ውሻ ውኃ ይፈራል ይባላል። ውኃ ሲያይ የሚሸበረው በበሽታው የተያዘ ሰው ነው፤ ውሻው ግን ውኃ አይፈራም፤ ጉሮሮው እስኪሰንፍ ድረስም ሊጠጣ ይችላል። ስለዚህ «ውኃ ጠጥቷል፣ ደኅና ነው» ብሎ መልቀቅ አደገኛ ስሕተት ነው። እንደዚሁም በሽታው ሁልጊዜ በመናከስ አይጀምርም፤ ጥግ ይዞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ዝም ብሎ የሚሞት አለ። ዝምታውን ከመርጋት ለይቶ ለማወቅ ውሻውን በየቀኑ የሚያይ አንድ ሰው ያስፈልጋል።

በውጭ አገር ለትምህርት ሳለን የውሾችና የድመቶች መጠለያ ቤቶችን ጎብኝተናል። እንዲህ ያሉት ቤቶች እዚያ የቈየ ታሪክ አላቸው። በለንደን ከተማ ሜሪ ቲልቢ የተባሉ ሴት በ1860 ለጠፉ ውሾች የከፈቱት ቤት በ1871 ባተርሲ ወደ ተባለው ሠፈር ተዛውሮ ከ1883 ጀምሮ ድመቶችንም ይቀበላል፤ እስከ ዛሬም ይሠራል። በጎበኘናቸው ቤቶች ከሁሉ ይልቅ የገረመን ግን የሕንጻው ማማር ሳይሆን ጩኸቱ ነበር። ውሾች በብረት ፍርግርግ ውስጥ ፊት ለፊት ተፋጥጠው አንዱ ሲጮኽ ሌላው ይከተላል፤ በእንዲህ ዓይነት ቤት የሚለካው ድምፅ ከ100 ዴሲቤል የሚያልፍበት ጊዜ አለ፤ ይህም ከወፍጮ ሞተር የማያንስ ነው። በዚያ ውስጥ የሚውል ውሻ አይተኛም፤ ያልተኛ ውሻም ይከሳል፣ ይናደዳል፣ በሽታ ይቀናዋል። ገንዘብ ያላቸው አገሮች ይህን ስሕተት ሠርተው በኋላ በብዙ ወጪ ሲያርሙት አይተናል። እኛ ገና ያልሠራን ስለሆንን ስሕተቱን መግዛት አያስፈልገንም።

ለእብናት የምናስበው ቤት ሦስት ክፍል ያለው ነው፤ ሁለቱ ለውሻ፣ አንዱ ለድመት። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ቢሆን ይበቃል። ቦታው ከገበያ፣ ከወፍጮ ቤት፣ ከመናኸሪያና ከትምህርት ቤት የራቀ ይሁን። የውሻው ክፍል ሁለት ሜትር በሦስት ሜትር ያህል ስፋት ኖሮት በሩ ከሌላው ውሻ በር ፊት ለፊት አይሁን፤ ውሾቹ ካልተያዩ ጩኸቱ ሊቀንስ ይችላል። የአጥሩን ነገር ስንናገር የውጭ አገር መጻሕፍት የማያነሡት የራሳችን ጣጣ አለን፤ እርሱም ጅብ ነው። በአጥር ቀዳዳ የጅብ ሽታ የሚደርሰው ውሻ ሌሊቱን ቆሞ ያድራል። ስለዚህ የግቢው ቅጥር ከሰው ቁመት ከፍ ያለና ቀዳዳ የሌለው የድንጋይ ካብ መሆን አለበት። ወለሉ ውኃ ወደ አንድ ወገን እንዲፈስ ዘንበል ያለ ንጣፍ ድንጋይ ሆኖ፣ በአንዱ ጥግ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት መኝታ ከነጭዱ ይኑረው። የደጋው ብርድ ራሱ አንድ ጭንቀት ነውና። ጭዱ ቁንጫ እንዳይፈለፈልበት በየሳምንቱ ይቃጠልና በአዲስ ይለወጥ።

ጠባቂው አንድ ሰው ይሁን፤ እርሱም አስቀድሞ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ የተከተበ መሆን አለበት። በጧትና በማታ በተወሰነ ሰዓት ያብላው፤ ውሻ ሰዓት ያውቃል፤ ምግቡ መቼ እንደሚመጣ ያወቀ ውሻ የቀረውን ጊዜ በመጠበቅ ሳይጨነቅ ይተኛል። ወደ ክፍሉ ሲቀርብ ዓይን ለዓይን ሳያፈጥ፣ ጎኑን ሰጥቶ፣ ቀስ ብሎ እየተናገረ ይሁን። ሰው መጥቶ በዝምታ አጠገቡ ሩብ ሰዓት ቢቀመጥ እንኳ የውሻው መንፈስ ይረጋል። የሚያኝከው ነገር የሰጡት እንደ ሆነ ሲያኝክ ይውላል እንጂ በሩን አይነክስም። በክትትል ላይ ያለ ውሻ ከክፍሉ አይወጣም፤ እጅም ወደ አፉ አይጠጋም፤ ምግቡና ውኃው ከውጭ በሚገፋ ሣጥን ይግባለት። ክትባት ያልተከተበ ከሆነ የሚከተበው በዐሥረኛው ቀን ሲለቀቅ ነው፤ አስቀድሞ ቢከተብ በመርፌው ምክንያት የሚመጣ መጠነኛ ሕመም የበሽታውን ምልክት ያደናግራል።

ስለ ድመት ብዙ ሰው አይጨነቅም። ጎታውን ከአይጥ እስከ ጠበቀች ድረስ ማን ያያታል! ነገር ግን ድመትም በውሻ ተነክሳ በሽታውን ትቀበላለች፤ ከዚያም ቤት ውስጥ ሕፃን ከእርስዋ ጋራ ይተኛል። ነክሳ የተያዘችም ድመት እንደ ውሻው ዐሥር ቀን ትቈያለች። ድመት ስትጨነቅ እንደ ውሻ አትጮኽም፤ ትሸሸጋለች፤ መሸሸጊያ ያጣች እንደ ሆነ ምግብ ትተዋለች፤ ሁለት ሦስት ቀን ምንም ያልበላች ድመት ደግሞ ጉበትዋ ሊታመም ይችላል። በሆላንድ አገር በ2014 በታተመ ጥናት ወደ መጠለያ ከገቡ አዳዲስ ድመቶች መካከል መሸሸጊያ ሣጥን የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ይልቅ ቶሎ ረግተው ተገኝተዋል። እኛ ሣጥን እንኳ አያስፈልገንም፤ በአንድ ወገኑ መግቢያ የተቀደደለት የተደፋ አሮጌ እንቅብ ይበቃታል። ከፍ ያለ መደርደሪያ ይደረግላት፤ ድመት ከላይ ሆና ስታይ ትረጋለች። መጸዳጃዋ አመድ ወይም አሸዋ ያለበት ገበታ ሆኖ ከምግብዋ የራቀ ይሁን። ከሁሉ በላይ ግን ውሻ እንዳታይና እንዳትሰማ ክፍልዋ በሌላው ወገን ይሠራ። በብዙ ድመቶች ሰውነት ውስጥ ተኝቶ የሚኖር የጉንፋን ዓይነት ቫይረስ በጭንቀት ጊዜ ይነቃል፤ ዓይንዋ የሚያለቅስ፣ የምታስነጥስ ድመት በመጠለያ የምትበዛውም ስለዚህ ነው። ንጽሕና ብቻውን ይህን አያስቀርም፤ መሸሸጊያዋም ጭንቀትዋን በመቀነስ ይረዳል።

የንጽሕናውን ነገር በአጭሩ እንለፈው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ደካማ ነው፤ ሳሙናም ፀሐይም ይገድለዋል። ፓርቮ የሚባለው ቡችሎችን በደም ተቅማጥ የሚጨርሰው ቫይረስ ግን በአፈር ውስጥ ወራት ይቈያል። ስለዚህ አንድ ውሻ በለቀቀው ክፍል ሌላው ከመግባቱ በፊት ወለሉ መጀመሪያ በሳሙናና በውኃ ይታጠብ፤ ከዚያ አንድ እጅ በረኪና በሠላሳ እጅ ውኃ ተበጥብጦ ይፍሰስበትና ዐሥር ደቂቃ ይቈይ። በቈሻሻ ላይ የፈሰሰ በረኪና ገንዘብ ማባከን ነው። ውሻው ውስጥ ሳለ ግን በባልዲ ውኃ መድፋት ያስበረግገዋልና አይደረግ። የበግ ጉበትና ሳንባ ጥሬውን ለውሻ መስጠትም ክፉ ልማድ ነው፤ በውስጡ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካለበት ውሻው ከዚያ ትል ይይዛል፤ የትሉም እንቍላል በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰው ሲገባ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ያበቅላል።

«ሰው መጠለያ ባጣበት አገር ለውሻ ቤት?» የሚለን ሰው እንደማይጠፋ እናውቃለን። ይህ አነጋገር ለሰሚው ይጥማል፤ ግን ሒሳቡን አላየም። አንድ ልጅ ሳያስፈልገው የሚጨርሰው ክትባት ለሌላው ልጅ የሚጎድል ክትባት ነው። ዐሥር ቀን በሰላም የቈየ አንድ ውሻ ለአንድ ቤተ ሰብ የሁለት በግ ዋጋና የብዙ ቀን መመላለስ ያስቀራል። ቤቱም የሚሠራው ለውሻ ምቾት ብቻ ሳይሆን የውሻው ሁኔታ በእርግጥ እንዲታይ ነው።

ሌላው መከራከሪያ «ባለቤት የሌለውን ውሻ ሁሉ በመርዝ መጨረስ አይሻልም ወይ?» የሚል ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞቻችን ስትሪክኒን በሥጋ አድርጎ በሌሊት መበተን ለብዙ ዘመን ሲሠራበት የኖረ ነው። ይህ መርዝ ውሻውን እያንዘፈዘፈ በሥቃይ ይገድላል፤ ሬሳውን የበላ ጥንብ አንሣ አሞራም ይሞታል። በሽታውን ግን አያጠፋም። የሞቱት ውሾች ስፍራ ወዲያው ካልተከተቡ ቡችሎችና ከገጠር በሚመጡ ውሾች ይሞላል። በኢንዶኔዥያ የባሊ ደሴት በሽታው በ2008 በገባ ጊዜ መንግሥት እጅግ ብዙ ውሾች አስገደለ፤ በሽታው ግን በደሴቱ ሁሉ ተዛመተ፤ የሰው ሞት ሊቀንስ የቻለው ከ2010 ወዲህ ውሾቹን በብዛት መከተብ ሲጀመር ነው። ከመቶ 70 ያህሉ የአንድ አካባቢ ውሾች ከተከተቡ በሽታው መተላለፊያ ያጣል። በባሌ ተራራዎችም ቀይ ቀበሮዎች ከውሻ በተቀበሉት በዚሁ በሽታ በ1991 እና በ1992 በብዛት ካለቁ በኋላ የተያዘው መንገድ የአካባቢውን ገበሬ ውሾች መከተብ ነው። ማቆያ ቤታችንም በዐሥረኛው ቀን የሚለቀቀውን ውሻ ሁሉ ከትቦ የሚመልስ ቢሆን በየዓመቱ ለዚሁ 70 የራሱን ድርሻ ያዋጣል።

ሐኪሙና የከብት ሐኪሙ በየፊናቸው ሲሠሩ ይህ ነገር በመካከላቸው ወድቆ ይቀራል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕክምናና የእንስሳት ሕክምና ትምህርት በአንድ ጣሪያ ሥር ባይሆን እንኳ በአንድ ስም ይሰጣል። በወረዳችንም ሁለቱ ባለሙያዎች በዚህች ባለ ሦስት ክፍል ቤት በር ላይ በየጧቱ ቢገናኙ ክፉ አይመስለንም።

እስከዚያው ድረስ መምህራን ለተማሪዎቻቸው አንድ ነገር ይንገሩልን። ልጆች በውሻ ሲነከሱ ቍጣ ፈርተው ይደብቃሉ፤ «እሾህ ወጋኝ» ይላሉ። የተደበቀች ትንሽ ጭረት ከሦስት ወር በኋላ የምታመጣውን በዓይናችን አይተናልና፣ የተነከሰ ልጅ እንደማይገረፍ በክፍል ውስጥ ደጋግመው ያሳውቁ። ውሻ ሲመጣ መሮጥ፣ ሲበላ መቅረብ፣ ወልዳ ከተኛች ውሻ ዘንድ መሄድ እንደማይገባም ያስተምሩ። የቤት ባለቤቶች ደግሞ ነሐሴ 12 ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ውሻቸውን አብልተው፣ አጠጥተው፣ ጅራፉ ከማይሰማበት ከጓሮ ቤት አስገብተው በሩን ይዝጉበት፤ የሚያኝከውንም ነገር አይንፈጉት።